ብለዲ ሜሪ በወላይታ ዳጣ

ብለዲ ሜሪን ሆቴል ውስጥ አንዴ ቀምሰው «ይሄ እኮ የቀዘቀዘ ስልስ ነው» ብለው ብርጭቆውን የገፉ ሰዎች አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። ከካርቶን የተቀዳ የቲማቲም ጭማቂ ቮድካና ሁለት ጠብታ የፈረንጅ በርበሬ ተጨምሮበት ሲቀርብ፣ በርበሬ ለለመደ ምላስ ቅመሙ የተረሳ ወጥ ነው የሚሆነው። መጠጡ ግን እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ጣፋጭ ኮክቴል የማይወድ ሰው፣ ምሳ ሊበላ ሲል የምግብ ፍላጎቱን የሚከፍት ጨዋማ፣ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ነገር ሲፈልግ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ወላይታ ሶዶ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ቅመም ከሞላ ጎደል ገበያው ውስጥ አለ።

የመጠጡ ታሪክ ራሱ የቅመም ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ባርማን ፈርናንድ ፔቲዮ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ በሚገኘው ሃሪስ ኒው ዮርክ ባር ሲሠራ እንደጀመረው ይነገራል። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጆርጅ ጄሰል በበኩሉ «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ፔቲዮ እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሴንት ሬጂስ ሆቴል፣ ኪንግ ኮል በሚባለው ባር ሥራ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒው ዮርከር መጽሔት ሲናገር ጉዳዩን በደንብ ለየው፤ የጄሰል መጠጥ ቮድካና የቲማቲም ጭማቂ ብቻ እንደነበር፣ ጨውን፣ ቁንዶ በርበሬን፣ የሚያቃጥለውን ቀይ በርበሬ፣ ሎሚንና ዉስተርሻየር ሶስን የጨመረው እሱ እንደሆነ ገለጸ። ሰው ዛሬም የሚያዘው የፔቲዮን ነው። አልኮሉና ቲማቲሙ ብቻቸውን የትም አላደረሱትም።

ስለዚህ ከታች ያለውን ሲሠሩ ጊዜዎን ለዳጣው፣ ማለትም ከእሸት በርበሬ ለሚፈጨው ቅመም፣ እና ለቲማቲሙ ይስጡ። አልኮሉ የመጨረሻ ጉዳይ ነው፤ ቢቀርም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ሶዶ ከደረሱ ወዲህ የወንጌላውያን እምነት ወላይታ ውስጥ ሥር ስለሰደደ፣ አልኮል ጨርሶ የማይገባበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ ወንድም የሚጠጣ፣ ሌላው የማይጠጣ የሆነበት ቤትም አይጠፋም። እዚህ የቀረበው አሠራር ሁለቱንም ከአንድ ጆግ ያስተናግዳል።

ለ5 ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በደንብ የበሰለ ቲማቲም 1 ኪሎ፤ ሎሚ 8 ገደማ (የኛ ሎሚ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩ አያስደንግጥዎ)፤ 8 ቀይ እሸት በርበሬ፤ ከአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት 3 ፍሬ፤ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል፤ ጥቂት የበሶብላ ቅጠል፤ አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ጤና አዳም፤ ከ4 ኮረሪማ የወጣ ፍሬ፤ ጨው፤ ቁንዶ በርበሬ፤ ካገኙ ሶያ ሶስ። ጂን ወይም ቮድካ ለሚፈልግ ለአንድ ሰው 45 ሚሊ ሊትር ይታሰባል፤ ይህም 3 የሾርባ ማንኪያ ነው። በቤትዎ መለኪያ ብርጭቆ ከመተማመን በፊት በማንኪያ ውሃ ሞልተው ልኩን ይወቁት፤ አንዱ መለኪያ ከሌላው በጣም ይለያያል።

ዳጣው

ከአንድ ቀን በፊት ይሠራል። ሶዶ ውስጥ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ዳጣ መግዛት ይቻላል፣ ከጥሬ ስጋ ጋር የሚቀርበውም ግሩም ነው፤ ለመጠጥ ግን ይከብዳል። ለስጋ የሚሆን ዳጣ ነጭ ሽንኩርቱ ይበረታል፣ ጨውም ይዟል። ስጋ ያንን ይችለዋል፤ ቀዝቃዛ የቲማቲም ጭማቂ ግን አይችለውም፣ አንድ ብርጭቆ ከጠጡ በኋላ እስከ ማታ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸትዎ። ስለዚህ ለዚህ መጠጥ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዳጣ ለብቻ ይፍጩ።

በርበሬው ቀይ ይሁን። በአረንጓዴ ቃሪያ የተፈጨ ዳጣ ጣዕሙ ምንም አይወጣለትም፣ ከቀይ ቲማቲም ጋር ሲገናኝ ግን መጠጡ የቡና አተላ የመሰለ መልክ ይይዛል፤ እንግዳ ፊት የሚቀርብ አይደለም። ከ8ቱ በርበሬ የ5ቱን ፍሬና ነጭ ሥር ያውጡ። የሚያቃጥለው በዋናነት ፍሬውን የያዘው ነጩ ሥር ነው፤ ይህን በማስቀረት የበርበሬውን ሽታና ቀለም ይዘው ማቃጠሉን መመጠን ይችላሉ።

ወፍጮ ያለው ሰው በወፍጮ ይፍጭ፤ መጁ በርበሬውን ስለሚጨፈልቀው ዘይቱንና ውሃውን አንድ ላይ ያወጣል። ወፍጮ ከሌለ ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃል። የጁስ መፍጫ ማሽን ለእንዲህ ያለ ትንሽ መጠን ውሃ ካልጨመሩለት አይዞርም፣ ውሃ ሲጨመር ደግሞ ዳጣው ይቀጥናል። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይግባ፤ የጨው ቅንጣቱ ነጭ ሽንኩርቱን እንደ አሸዋ ይፍቀዋል፣ ምንም ክር ሳይቀር ወደ ነጭ ሊጥ ይለወጣል። ከዚያ የኮረሪማው ፍሬ። ከዚያ በርበሬው፣ ተከትክቶ በትንሽ በትንሹ። በሶብላውና ጤና አዳሙ መጨረሻ ላይ ይገባሉ፤ ብዙ ከተፈጩ ይጠቁራሉ፣ ጤና አዳሙም ይመራል። ከእንግዶችዎ መካከል ነፍሰ ጡር ካለች ጤና አዳሙን ጭራሽ ይተዉት።

ስለ ዝንጅብሉ አንድ ነገር ልበል። ወላይታ፣ በተለይ ቦሎሶ ቦምቤ፣ ከአገሪቱ ዋና ዋና የዝንጅብል አብቃይ አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግድም የተነሳው በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ጠራርጎ እስኪያወጣው ድረስ ማለቴ ነው። አሁንም ገበያ ላይ እርጥቡ ሲገኝ ከደረቁ ይመረጣል። በጥፍርዎ ጫር ሲያደርጉት ልጣጩ እንደ ወረቀት ከተነሳና ውሃ ካዘለ ጥሩ ነው። ክር የበዛበት ከሆነ ይፈጩትና በጨርቅ ጨምቀው ውሃውን ብቻ ይውሰዱ።

ሲጨርሱ እጅዎን በቀጥታ በውሃ አይታጠቡ፤ የበርበሬው ማቃጠል በዘይት እንጂ በውሃ አይለቅም። በጥቂት ዘይት አሽተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ዳጣውን ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገው ፍሪጅ ያሳድሩት። በማግስቱ ጨውና ቅመሙ ተዋህዶ የነጭ ሽንኩርቱ ጥሬ ሽታ ለስልሶ ያገኙታል።

አሁን ለመጠጥ የሚሆነውን ክፍል እናውጣ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዳጣ በትንሽ ሳህን ያድርጉ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ያፍስሱበትና 10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ያጥሉት። ከታች የሚጠራቀመው ደማቅ ቀይ ውሃ ነው ለኮክቴሉ የሚገባው። ይህ ካልተደረገ የበርበሬው ልጣጭና ፍሬ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርስ ላይም እንዲሁ፤ ሲጠጡ ማኘክ ደስ አይልም። ማጥለያው ላይ የቀረውን አይጣሉት፣ ማታ ለስጋው ይሆናል።

ቲማቲሙ

ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ቲማቲም እንዳይፈርጥ ብዙ ጊዜ ሳይቀላ ነው የሚለቀመው። ከገበያ ዛሬ ገዝተው ዛሬ አይጭመቁት። ሁለት ሦስት ቀን ከፍሪጅ ውጭ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያቆዩት። ሳይበስል ፍሪጅ የገባ ቲማቲም ይቀላ እንደሆን እንጂ አይጣፍጥም። ሻጭዋ ለብቻ የምታስቀምጠው፣ ትንሽ የለሰለሰና በርካሽ የሚሸጠው ክምር ብዙ ጊዜ ለኛ ጉዳይ የተሻለው ነው፤ የተሰነጠቀና የሻገተ እንዳይኖርበት ብቻ አንድ በአንድ ይዩት።

በንጹሕ ውሃ በደንብ ካጠቡ በኋላ በአራት በአራት ይክተፉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፍሬውን ከነዝልግልጉ አውጥቶ ይጥላል፤ የዚህ መጠጥ ነፍስ ተጣለች ማለት ነው። ቲማቲም ስጋ ስጋ የሚለውን ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሜት ከሥጋው ይልቅ በፍሬው ዙሪያ ባለው ዝልግልግ ውስጥ ይበዛል። ሁሉንም ይያዙ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ጨው ውሃውን ስቦ ያወጣዋል፤ ሳህኑ ሥር ያ ውሃ ሲጠራቀም ያዩታል።

ቀጥሎ መፍጨት ነው። በማሽን ከሆነ በአጭር በአጭሩ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ ያድርጉት። ረጅም ጊዜ ከዞረ ፍሬው ተሰብሮ ይመራል፣ አየር ይገባበትና ቀዩ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ከላይም አረፋ ይይዛል። መብራት ከሌለ በመፈቅፈቂያ መፈቅፈቅ ነው፤ ልጣጩ እጅዎ ላይ ይቀራል፣ እኔ እንዲያውም ይሄኛውን እመርጣለሁ። ከዚያ በወንፊት ይጥለል። ከ1 ኪሎ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ይወጣል።

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ጥሬው ጭማቂ ትኩስ የጓሮ ሽታ አለው፣ ግን ቶሎ ይለያያል፤ ቀዩ ከላይ ውሃው ከታች ይሆናል። ቲማቲም ሲፈጭ የሚለቀቀው ኢንዛይም ጭማቂውን አወፍሮ የሚይዘውን ፔክቲን ስለሚሰብር ነው። ወዲያው በኃይለኛ እሳት ከፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ጭማቂው ወፍራም እንደሆነ ይቆያል፤ ነገር ግን ወጥ ወጥ ማለት ይጀምራል። የኔ ፍርድ ሁለቱንም ማድረግ ነው፦ ግማሹን 5 ደቂቃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ግማሹን ጥሬውን ይተዉና ይቀላቅሉት። ቲማቲሙ ገርጣ ያለ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ የታሸገ የቲማቲም ድልህ እየፈላ ባለው ላይ ቢጨምሩ ማንም አይነቃብዎትም።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ። ለብ ያለ ብለዲ ሜሪ በበረዶ አይድንም፣ በረዶው ይቀልጥና ውሃ ያደርገዋል። በረዶውን ራሱ ከተፈላ ወይም ከታሸገ ውሃ ይሥሩት፤ በቡና ሲኒ ቢያረጉት ትልልቅ ስለሚሆን ቶሎ አይቀልጥም።

መቀላቀል

ጆጉ ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ የቲማቲም ጭማቂ፣ የ5 ሎሚ ጭማቂ (ወደ 75 ሚሊ ሊትር ይሆናል)፣ ከዳጣው የተጠለለውን ቀይ ውሃ መጀመሪያ ግማሹን ብቻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያድርጉ። በዉስተርሻየር ሶስ ምትክ 2 የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ ይበቃል። ይህን የምለው ዕቃው ሶዶ ላይ ስለማይገኝ ብቻ አይደለም። ዉስተርሻየር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ይገባል፣ በጾም ዓሣ የማይበላ እንግዳ ካለ ሳያውቅ እንዲጠጣ ማድረግ ነውር ነው። ሶያ ሶስ ከሌለም ትንሽ ጨው ይጨምሩና ይለፉት፤ ዳጣው ይሸፍነዋል።

ይቅመሱ። ጨው፣ ሎሚ፣ ማቃጠል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ያስተካክሉ። ቅዝቃዜ ምላስን ስለሚያደነዝዝ፣ አሁን ትንሽ በዛ ያለ የመሰለዎት ጨው በረዶ ሲገባበት ልክ ይሆናል። ማቃጠሉን ግን በተቃራኒው ያስቡት፦ ዳጣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከቀመሱ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይጠብቁ የቀረውን ግማሽ አያፍስሱ። አልኮል የሚጨመርበት ብርጭቆ ደግሞ የበለጠ ያቃጥላል፤ የበርበሬው ማቃጠያ ከውሃ ይልቅ በአልኮል ውስጥ በደንብ ይሟሟል።

ከዚህ በኋላ ለየብርጭቆው ነው። ለአንድ ሰው 9 የሾርባ ማንኪያ ያህል ከጆጉ ይቅዱ። የሚጠጣ ከሆነ 3 ማንኪያ ጂን ወይም ቮድካ ያክሉ፤ የማይጠጣ ከሆነ በአልኮሉ ቦታ 3 ማንኪያ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። አምቦው ከመገለባበጡ በኋላ ነው የሚገባው፣ አለበለዚያ ጋዙ ይወጣል።

መገለባበጥ ያልኩት ይህን ነው። ብለዲ ሜሪ እንደ ሌላ ኮክቴል አይናጥም። ከተናጠ ቲማቲሙ አረፋ ያወጣል፣ ይቀጥናልም። ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ወስደው አንዱ ላይ መጠጡንና በረዶውን ያድርጉ፣ ከዚያ ለልጅ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱት ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብለው ይገልብጡት። ስምንት ዐሥር ጊዜ ይበቃል። ብርጭቆው ከውጭ ላብ ሲያወጣ ቀዝቅዟል ማለት ነው። አዲስ በረዶ ባለበት ረጅም ብርጭቆ ላይ አጥልለው ይቅዱ።

አልኮሉን በተመለከተ

ቮድካ የራሱ ጣዕም ስለሌለው ይሠራል፣ አያጣላም። እኔ ግን እዚህ መጠጥ ላይ ጂን እመርጣለሁ፤ በጂን የተሠራው ሬድ ስናፐር ይባላል፣ ፔቲዮ በሠራበት ሴንት ሬጂስም የብለዲ ሜሪ መጠሪያ ይህ ነው። ባሮ ደረቅ ጂን በየግሮሰሪው ስለሚገኝ ፍለጋ አያስኬድም፣ የጥድ ፍሬ ሽታውም ከጤና አዳምና ከኮረሪማ ጋር ይስማማል። ኡዞ አይሞክሩ። አኒሱ ቲማቲሙን ይውጠዋል፣ ውሃ ሲነካውም ይነጣል፣ ያኔ መጠጡ መልኩም ጣዕሙም አይታወቅም።

የቤት አረቄስ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። የአረቄ የጌሾና የጭስ ሽታ ከዳጣው ጋር ሲደራረብ ሁለቱም ይበላሻሉ፣ ጥንካሬውም ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ 45 ሚሊ ሊትር የሚለው ልክ ትርጉም አይኖረውም። ምንጩ ያልታወቀ ደግሞ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፣ እሱ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። አረቄውን በራሱ ጊዜ፣ ከሚያውቁት ሰው እጅ ይጠጡት። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል፤ ቤት ውስጥም ለወጣቶቹ የአምቦውን ብርጭቆ መስጠት ነው።

ከብርጭቆው አፍ ላይ

ፈረንጆቹ የሰለሪ ግንድ ይሰኩበታል። እኛ ስንግ ቃሪያ አለን። ትንሽ ቃሪያ በጎኑ ሰንጥቀው ፍሬውን አውጥተው በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም በሎሚና በጨው ለውሰው ይሙሉት፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ይሰኩት። ከጾም ውጭ ከሆነ አንድ ዘለላ ቋንጣ በስንጥር ይጨመርበታል፤ ጫፉ መጠጡ ውስጥ ሲርስ የሚሰጠው ጣዕም ከሶያ ሶሱ ይበልጣል። የብርጭቆውን ጠርዝ በሎሚ ቀብተው ጨውና ሚጥሚጣ በተቀላቀለበት ሳህን ላይ መድፋትም ይቻላል፣ ግን ግማሹን ጠርዝ ብቻ ይቀቡ፤ የማይፈልገው በሌላው በኩል ይጠጣ።

ለጊፋታ፣ በመስከረም አጋማሽ ስጋው በሚበዛበት ሰሞን፣ ለእንግዳ ከምሳ በፊት ቢቀርብ ቦታውን ያገኛል። ጎምዛዛነቱ የቅቤውንና የስጋውን ስብ ያነሳል። ከምግብ በኋላ ግን አያቅርቡት፣ ያኔ ሆድ ይከብዳል።

ቢበላሽስ? በጣም ካቃጠለ ውሃ አይጨምሩ፤ የቲማቲም ጭማቂና አንድ ቁንጥር ስኳር ይጨምሩ። ጨው ከበዛ ሎሚና ጨው የሌለበት ጭማቂ ነው መፍትሔው። ጣዕሙ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ዝም ያለ፣ የማያነሳ ከመሰለዎት የጎደለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሎሚ ነው።

አልኮል ያልነካው ጆግ ክዳን ተደርጎበት ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ነጭ ሽንኩርቱ እየበረታ ይሄዳል። የተረፈ ካለ ከወንፊቱ ከቀረው የቲማቲም ልብ ጋር በሽንኩርትና በዘይት ቁሌት ላይ ይጨምሩት፣ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል። ዳጣው ግን በደረቅ ማንኪያ እየተወሰደ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቀመጣል።